ሬዲዮ ዝም ስትል

«አሁን ሁላችንም ዓይናችንን እንጨፍናለን» አለች ሬዲዮ ማይኩን ወደ አፏ አስጠግታ። «ጨፈናችሁ? ጎበዞች። ከዚህ በኋላ ለሦስት ደቂቃ ማንም ምንም አያወራም። ትንፋሻችንን ብቻ ነው የምናዳምጠው። በአፍንጫ ይገባል፣ በአፍንጫ ይወጣል። ጉንፋን የያዛችሁ በአፍም ይቻላል። ጉንፋን ስል ትዝ አለኝ፣ ስምንተኛ ሐዎች መስኮታችሁን ዝጉት፣ ንፋስ አለ። እሺ፣ አሁን ዝም እንበል። እኔም ዝም ልል ነው። ይኸው ዝም አልኩ። ዝምታው ተሰማችሁ? እኔ ተሰምቶኛል። እንዴት ደስ እንደሚል...»

ሽቦ ግንባሩን ከድምፅ ማጉያው ማሽን ጋር አጋጨ። ሽቦ የሚሉት ቅጥነቱን አይተው ብቻ ሳይሆን ኪሱ ሁልጊዜ በገመድ ቁርጥራጭ ስለሚሞላ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ቴክኒሻን እሱ ነበር። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አሳያት። በእጁ አንገቱን የሚቆርጥ መሰለ። በመጨረሻ ሁለት እጁን አገጣጥሞ ለመናት። ሬዲዮ ግን ዓይኗን ጨፍና የዝምታን ጥቅም እያብራራች ስለነበር ምኑንም አላየችም። ሦስቱ ደቂቃ አልቆ የክፍለ ጊዜው ደወል ሲደወል፣ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሬዲዮ ማታ ምን ሕልም እንዳየች በደንብ አውቆ ነበር።

ስሙን ያወጡላት ገና ታች ክፍል ሳለች ነው። አሁን እናቷም ሳትቀር በዚያው ትጠራታለች። የሒሳብ መምህሩ ብቻ ስሙ አይመጥናትም ባይ ናቸው። «ሬዲዮ እንኳ ባትሪ ያልቅበታል» ይላሉ።

የእርጋታ ደቂቃ የሚባለውን ነገር ያመጡት የትምህርት ቤቱ አማካሪ መምህርት ናቸው። ከአንድ ስልጠና ሲመለሱ ፊታቸው እንደ ሙሽራ በርቶ ነበር። ልጆቹ ክፍል የሚገቡት እየሮጡ፣ ፈተና ላይ የሚቀመጡት እየተንቀጠቀጡ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጥቂት ረጋ ብለው ትንፋሻቸውን ቢያዳምጡ ቀኑ ይቀልላቸዋል አሉ። ዳይሬክተሩ አገጫቸውን ሲያሹ ቆይተው ለሙከራ አንድ ሳምንት ፈቀዱ። የሒሳብ መምህሩ ደቂቃዎቹ ከእሳቸው ክፍለ ጊዜ ላይ መቆረጣቸውን ሲሰሙ፣ «ቁጥር ቆጥሮ ያለፈ ተማሪ አውቃለሁ፤ ትንፋሽ ቆጥሮ ያለፈ ግን አላየሁም» ብለው ጠመኔያቸውን ይዘው ወጡ። ልጆቹን በድምፅ ማጉያ የምትመራው ደግሞ፣ የሚኒ ሚዲያው ዋና አንባቢ ሬዲዮ ስለሆነች፣ ሬዲዮ ሆነች። ማንም ነገሩን ቆም ብሎ አላሰበበትም።

በዚያው ሰኞ በእረፍት ሰዓት ዳይሬክተሩ ቢሮ አስጠሯት። አማካሪዋ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሳቃቸውን በመሐረብ ያፍናሉ።

«ልጄ፣ ዝም በሉ ለማለት ስንት ቃል ያስፈልጋል?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«ሁለት ነው ቲቸር።»

«ታዲያ የቀረውን ከየት አመጣሽው?»

«ቲቸር፣ አየሩ ባዶ ሲሆን እኮ ሰው ማሽኑ ተበላሸ ብሎ ያስባል። አንባቢ አየሩን ባዶ አይተውም። ይሄ የመጀመሪያው ሕግ ነው።»

«ማነው ያወጣው?»

ሬዲዮ ትንሽ አሰበች። «እኔ ነኝ» አለች።

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ዓርብ እኔ ራሴ በየኮሪደሩ እየዞርኩ አዳምጣለሁ። እስከዚያ ሦስት ደቂቃ ዝም ማለት ካልቻልሽ ማይኩን ለሌላ ልጅ እንሰጣለን። ለእርጋታው ብቻ አይደለም፣ ለሁሉም። ማይክ የያዘ ሰው መቼ እንደሚያበቃ ማወቅ አለበት።»

ሬዲዮ ከቢሮው ወጥታ በቀጥታ ወደ ማይኩ ሄደች። ማይኩን ትወደው ነበር። ስፖንጁ የተበላ፣ እጀታው በፕላስተር የተጠቀለለ አሮጌ ማይክ ነው፤ ለእሷ ግን ከዚያ የሚበልጥ ንብረት በዓለም ላይ የለም። ከደረጃው ጫፍ ያለውን፣ ድሮ ዕቃ ቤት የነበረውን ክፍል፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን የለበጡት እሷና ሽቦ ናቸው። እዚያ ቁጭ ብላ «እንደምን አደራችሁ» ስትል በየክፍሉ ያለው ሰው ሁሉ ቀና ይላል። ያ እንዲቀርባት አልፈለገችም። ግን ምላስ አጥንት የለውም፤ ምኑን ይዛ ታቁመው?

ደግሞም ወሬኛነቱ በውርስ ነው የመጣባት። እናቷ የሴቶች ፀጉር ቤት አላት፤ ሬዲዮ ያደገችው ሴቶች ካስክ ውስጥ ጭንቅላታቸውን ከተው፣ ከማድረቂያው ጩኸት በላይ እየጮኹ ሲያወሩ እየሰማች ነው። በዚያ ቤት ዝምታ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ ኩርፊያ። ደንበኛ ዝም ካለች አሠራሩ አልጣማትም። እናቷ ዝም ካለች አባቷ የሆነ ነገር ረስቷል። አባቷ ዝም ካለ መርሳቱ እንደታወቀበት ገብቶታል።

ማክሰኞ ጠዋት ዝም ልትል ሞክራ ስለ ሙከራዋ ስታወራ ሦስቱ ደቂቃ አለቀ። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ፀጉር ቤት ፎጣ እያጠፈች ልምምድ ጀመረች። ከንፈሯን ገጠመች። አንድ ፎጣ አጠፈች። ሁለተኛውን ስታነሳ እናቷ ማበጠሪያዋን አየር ላይ እንደያዘች ዞረች።

«ምን ሆነሻል?»

ሬዲዮ ራሷን ነቀነቀች።

«አመመሽ? ማነው የነካሽ? አንቺን እኮ ነው!»

«ፍቅር ይዟት ይሆናላ!» አለች ካስክ ውስጥ ያለችው ደንበኛ። በካስኩ ጩኸት የተነሳ በሹክሹክታ ያለች መስሏት ነበር፤ ድምፅዋ ግን መንገድ ተሻግሮ ተሰማ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እናቷ የምትሠራውን ፀጉር ግማሹን ጠቅልላ ግማሹን ትታ መጣችና የልጇን ግንባር ዳሰሰች። «ተናገሪ እንጂ የኔ ልጅ! አንቺ ዝም ካልሽ እኔ መሞቴ ነው!»

«እየተለማመድኩ ነው!» ብላ ፈነዳች ሬዲዮ። ከዚያ የዳይሬክተሩን፣ የማይኩን፣ የአማካሪዋን፣ የአንባቢውን ሕግ ከሥር ከመሠረቱ ተረከች። ስትጨርስ የሦስት ሴቶች ፀጉር ደርቆ ነበር። እናቷም እፎይ ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ረቡዕ ጠዋት ሽቦ ታች አንድ ክፍል ውስጥ የሚንጫጫ ስፒከር ሊጠግን ስለወረደ ሬዲዮ ብቻዋን ነበረች። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናግራ ልትዘጋ ለራሷ ምላለች። «ጀርባችንን ቀና እናደርጋለን፣ ሁለቱን እግራችንን መሬት ላይ ጥብቅ» አለች። መሪ ናትና እሷም ጀርባዋን ቀና፣ እግሯን ጥብቅ አደረገች። ዓይኗንም ጨፈነች። ዝም አለች፤ አንድ ትንፋሽ ሙሉ። ከዚያ ዝምታው ፀጉር ቤቱን አስታወሳት። ሁሉም የተቀየሟት መሰላት። ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች። ያቺ ዓረፍተ ነገር ሌላ ወለደች፣ የተወለደችውም ወለደች፤ የዘበኛው ደወል ሲደወል ሬዲዮ ስለ ዳመና አፈጣጠር እያስረዳች ነበር።

በቃ፣ አለቀልኝ አለች። አንገቷን ደፍታ ደረጃውን ወረደች። ልጆቹ ሙድ ሲይዙባት እየታያት ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ግን አንዲት የክፍሏ ልጅ መጥታ ተጠመጠመችባት።

«አንቺ! ዛሬ በጣም አሪፍ ነበር!»

«የእውነት?» ሬዲዮ ቀና አለች። «የቱን ወደድሽው? ስለ ዳመና ያልኩትን?»

«ምን ዳመና? ዝምታውን ነዋ! እኔ ዳር የተቀመጠው ልጅ ሆዱ ሲጮህ ሰማሁ፣ ማንም አልሳቀም እኮ!»

«እኔ ጣራው ላይ ርግብ ስትራመድ ሰማሁ» አለ አንዱ። አማካሪዋ መምህርት ከወዲያ ጫፍ እየተጣደፉ መጡና ሁለት እጇን ያዙ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «‹እግራችንን መሬት ላይ› አልሽና ተውሽን! በቃ ተውሽን! እኔ ስልጠና የወሰድኩት እንኳ እንደሱ አልችልበትም!»

ሬዲዮ ግራ ገባት። ምስጋና ሲመጣ አፍ አውጥቶ መመለስ ነውር ነውና ፈገግ ብላ ተቀበለች። የገባት ሽቦ ክንዷን ይዞ ወደ ላይ ሲጎትታትና ጠረጴዛው ሥር ሲያሳያት ነው። የማሽኑ ሶኬት ከግድግዳው ተነቅሎ መሬት ላይ ተዘርግቷል።

«‹እግራችንን ጥብቅ› ብለሽ እግርሽን ገመዱ ላይ ነው ያጠበቅሽው» አለ ሽቦ። «ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልወጣም።»

«እኔ እኮ ስለ ዳመና አውርቻለሁ!»

«ለማን?»

«ለሁሉም!»

«ለእንቁላል ካርቶኑ ነው ያወራሽው።»

ተያዩ። መጀመሪያ ሽቦ ሳቀ፣ ቀጥሎ እሷ። መሬት ላይ እስኪቀመጡ፣ ጎናቸውን ይዘው እስኪያቃስቱ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ሽቦ ዓይኑን ጠረገና እንደ ሽማግሌ ከበድ ብሎ አሰበ። «ስሚኝማ። ነገም ‹እግራችንን› ስትዪ ልንቀለው። አንቺም እንደ ልብሽ ታወሪያለሽ፣ እነሱም ዝም ይላሉ፣ ማይኩም እጅሽ ላይ ይቀራል። ማን ይጎዳል?»

«ማታለል አይሆንም?»

«ማንን? ዝምታው እኮ እውነተኛ ነው።»

ሬዲዮ ሶኬቱን አንስታ መልሳ ግድግዳው ላይ ሰካችው። ስላልተቃወመችው ሽቦ እሺ እንዳለች ቆጠረው።

ሐሙስ እንደተባለው ሆነ። «ሁለቱን እግራችንን መሬት ላይ ጥብቅ» አለች፤ ሽቦ ጎንበስ ብሎ ነቀለ፤ በማሽኑ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ጠፋች። ሬዲዮ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን አሳምራ ተናግራ አታውቅም። ስለ ባሕር አወራች፣ ስለ ኮከብ አወራች፣ መሐል ላይ አንድ ቀልድ ጣል አደረገች። ማንም አልሳቀም። ሽቦ እንኳ ሶኬቱን በእጁ ይዞ ሰዓቱን ነበር የሚያየው። ቀልዱ ካርቶኑ ላይ ተለጥፎ ቀረ፤ እሷንም የሆነ ነገር ቅር አላት።

ከዚያ በኋላ ሲወርዱ የሒሳብ መምህሩ ደረጃው ላይ ቆመው ጠበቋት። ሬዲዮ ለቁጣ ተዘጋጀች። እሳቸው ግን ጠመኔ የነካውን እጃቸውን ኮታቸው ላይ እየጠረጉ፣ ነገሩ እንዳሳፈራቸው ሁሉ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ።

«ዛሬ ሰሌዳ ላይ ልጽፍ ጠመኔ አነሳሁና እጄ አየር ላይ ቀረ። ልጆቹ ሲተነፍሱ ሰማኋቸው። ስንት ጊዜ አስተምሬ፣ ስንት ጊዜ ጮኼባቸው፣ ሲተነፍሱ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ አንድ ላይ ሲተነፍስ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ?»

ሬዲዮ ራሷን ነቀነቀች።

«አላውቅም ቲቸር።»

«ኤዲያ! አንቺ አይደለሽ እንዴ ያመጣሽው!» አሉና ትከሻዋን መታ መታ አድርገው ሄዱ።

ያን ቀን እሷን ያላመሰገነ የለም። አንዱ ስለ ቧንቧው ጠብታ፣ አንዷ ፈተና ሊሰጡ ሲሉ እጇ አለመንቀጥቀጡን ነገሯት። ሬዲዮ እያዳመጠች ቀናች። የምሯን ቀናች። ድግሱን የደገሰችው እሷ፣ እንግዳውን ያስቀመጠችው እሷ፣ ሳትቀምስ የቀረችውም እሷ ናት። በዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ የዚያን ቀን ዝምታ ያልሰማ ሰው ቢፈለግ የሚገኘው እሷና ሶኬት የሚጠብቀው ሽቦ ብቻ ነበሩ። ይህ ደግሞ ከማይኩም በላይ ከነከናት።

ዓርብ ጠዋት ሽቦ ጠረጴዛው ሥር ቦታውን ሊይዝ ሲል ሬዲዮ ክንዱን ያዘችው።

«ዛሬ አትንቀለው።»

«አበድሽ? ዳይሬክተሩ እየዞሩ ነው። አሁን ታች ኮሪደር ላይ አይቻቸዋለሁ። ካወራሽ ማይኩ ሄደ ማለት ነው።»

«አውቃለሁ። እኔም መስማት እፈልጋለሁ።»

«ብነቅለውም እኮ ዝም ማለት ትችያለሽ።»

«ከነቀልከው እንደማወራ ታውቃለህ።»

ሽቦ ይህን መካድ አልቻለም። ሬዲዮ ወደ ትንሿ መስኮት ሄዳ የሸፈናትን ካርቶን ገነጠለች፤ መስኮቷንም በኃይል ገፋ አድርጋ ከፈተች። የጠዋት አየር ገባ። ታች ግቢው ውስጥ ዘበኛው የደወሉን ገመድ ይዘው ቆመዋል። ተመልሳ ተቀመጠችና ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እንደምን አደራችሁ። ከእርጋታችን በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ረቡዕና ሐሙስ ዝም ያልኩት እኔ አይደለሁም። ማሽኑ ነው። ረቡዕ ሳላውቅ ሶኬቱን በእግሬ ነቀልኩት፤ ሐሙስ ደግሞ እያወቅን ነው። ሁለቱንም ቀን ሦስቱንም ደቂቃ አውርቻለሁ። ለእንቁላል ካርቶን።»

ሽቦ ተንጠራርቶ አፉን ማይኩ ላይ ደቀነ። «ሐሙስ የነቀልኩት እኔ ነኝ» አለና ፊቱ ቲማቲም መስሎ ተመለሰ።

አንድ ቦታ፣ ምናልባት ስምንተኛ ሐ ውስጥ፣ አንድ ሰው በአፍንጫው ፍን አለ። ሳቁ ከክፍል ወደ ክፍል እየተቀባበለ መጣ፣ ከወለሉ ሥር ተሰማ፤ በመስኮቷ የሚገባው የትምህርት ቤቱ ሁሉ ሳቅ ነበር። ታች ዘበኛው የደወሉን ገመድ ተደግፈው ይንፈቀፈቃሉ። ሬዲዮ ደስ አላት። ይበልጥ የሚያስቅ ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ መጣላት፤ ስለ ዳመናውና ስለ ካርቶኑ፣ ብትለው ትምህርት ቤቱ ለሳምንት የሚያወራው ነበር። ዋጠችው።

«ሁለቱን እግራችንን መሬት ላይ» አለች። አፏንም ዘጋች።

ሳቁ ወዲያው አልቆመም። ማንም ሳያቆመው በራሱ ጊዜ እየሳሳ ሄደ፤ የመጨረሻዋ ሳቅ ሩቅ ቦታ ብልጭ ብላ ጠፋች። ከዚያ ዝምታው መጣ፣ ሬዲዮም ፈራችው። ጉንጯን በላት፣ ምላሷ ተወራጨ። ተቀየሙኝ አለች በልቧ። ዋሽታናለች ብለው አኮረፉኝ። አንድ ቃል ብቻ፣ አለን ወይ ብቻ ልበላቸው? በአፍንጫዋ ሳበች። አወጣች። ደግማ ሳበች።

ታች አንድ ወንበር ተንቋቋ። አንድ ልጅ አሳለ፣ ሌላው ተከትሎት አሳለ። ቧንቧው ጠብ አለ፤ የተባለው ቧንቧ ይኸው እውነት ኖሯል። ሽቦ አጠገቧ በአፍንጫው ሲተነፍስ እንደ ሕፃን ፉጨት ያለው መሆኑን እስከዛሬ አብራው ውላ ሰምታ አታውቅም ነበር። ቁጣ ፈለገች፣ የለም። ኩርፊያም የለም። ሰው ሁሉ አለ፣ ማንም አልተቀየመም፣ ማንም ግን አያወራም። እንዲህ ያለ ዝምታ መኖሩን የነገራት አልነበረም። እንባዋ መጣ፤ ለምን እንደመጣ አላወቀችም፤ ደስታ እንደሆነ ግን አውቃለች።

በሩ ተከፈተ። ዳይሬክተሩ ደረጃውን በሩጫ ወጥተው ኖሮ ደረታቸው ከፍ ዝቅ ይላል። አፋቸውን ለቁጣ እንደከፈቱ ቆሙ። ሽቦን አዩ፣ የተሰካውን ሶኬት አዩ፣ የበራችውን ቀይ መብራት አዩ፣ አፏን ገጥማ እንባዋ የሚወርደውን ሬዲዮን አዩ። አፋቸውን ዘጉ። ግን ትንፋሻቸው እንደ ወናፍ ነበር፤ ማይኩ ለቅሞ ለትምህርት ቤቱ ሁሉ ያሰማው ጀመር። ዳይሬክተሩ ደነገጡ። እጃቸውን ወደ ማይኩ ዘረጉ፤ ሊወስዱብኝ ነው አለች ሬዲዮ በልቧ። እሳቸው በሁለት ጣት ብድግ አድርገው ከራሳቸው አራቁትና ቀስ ብለው እሷ ፊት አኖሩት። ከዚያ ባዶ ሣጥን ስበው ቁጭ አሉ። ዓይናቸውንም ጨፈኑ።

ሽቦ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት በጣቱ አሳያት። ሦስቱ ደቂቃ አልፏል። በመስኮቷ በኩል ዘበኛው ገመዱን እንደያዙ አንጋጠው ያዩዋታል፤ ልደውል ወይ ነው ጥያቄያቸው።

ሬዲዮ ወደ መስኮቷ ዘንበል ብላ ለዘበኛው አንድ ጣቷን አነሳች፦ ትንሽ ይቆዩ።